ከሽንኩርት ልጣጭ እስከ ጣና፦ ባዮሎጂን ጎንደር ላይ ሆኖ በእጅ እየነኩ ለመማር

ይህ መመሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች፣ ለማትሪክ ለሚዘጋጁና ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስጠኑ ወላጆች የተጻፈ ነው። ባዮሎጂ የሚከብደው ስሙ ስለበዛ አይመስለኝም። ስም ይሸመደዳል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። የሚከብደው ምዕራፎቹ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ስለሚጠኑ ነው፤ ህዋስ በመስከረም፣ ዘረመል በጥር፣ ሥነ ምህዳር በግንቦት ይመጣና አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። የሚቶኮንድሪያን ሥራ ሳይደናቀፍ የሚናገር ልጅ፣ ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ለምን ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ እንደሚውል ሲጠየቅ ዝም ይላል። ሁለቱ ግን የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ናቸው።

ስለዚህ ከህዋስ ተነስተን ጣና እስክንደርስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዘን እንሄዳለን። አንደኛው፦ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል? ቁስም ጉልበትም ይቆጠራል። ሁለተኛው፦ እንዲህ ሁን የሚለው ትእዛዝ ከየት ይመጣል? ደብተራችሁን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት፤ በግራ የመጀመሪያውን፣ በቀኝ የሁለተኛውን መልስ ጻፉ። በየደረጃው ይህን ካልሞላችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ቅዳሜ ገበያ ይገኛል፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ጨው፣ ስኳር፣ የዳቦ እርሾ፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አራት ባዶ ሃይላንድ፣ አራት ፊኛ፣ ሲባጎ፣ ፎይል። ከፋርማሲ አዮዲንና አልኮል ግዙ። አልኮሉ በመቶኛው ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ አረቄ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፣ አታባክኑት።

ማይክሮስኮፕ ትምህርት ቤታችሁ ካለ የላብራቶሪውን ኃላፊ ለምኑ። ከሌለ ከተበላሸ የሌዘር መብራት ወይም የዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ የምትወጣዋን ትንሽ ሌንስ በፕላስተር የስልክ ካሜራ ላይ ለጥፉ። ባክቴሪያ አታሳይም፤ ለሽንኩርት ህዋስ ግን ትበቃለች።

ደረጃ 1፦ ህዋስን በዓይን ማየት

"ህዋስ የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንዱን እዩት። ቀይ ሽንኩርት አራት ቦታ ክፈሉና ከሥጋማው ንጣፍ አንዱን ለዩ። ንጣፉ በሁለቱም ገጽ ስስ ሽፋን አለው። ጎድጓዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው ቀለም የለውም፤ በውጭ በኩል ያለው ወይን ጠጅ ነው። ለአሁኑ ቀለም የሌለውን በወረንጦ ወይም በጥፍር ላጡ። ስላይዱ (ናሙናው የሚቀመጥበት መስታወት) ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ፣ ሽፋኑን ሳይታጠፍ አንጥፉበት፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። መሸፈኛውን ስስ መስታወት ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ አዘንብላችሁ አውርዱት፤ ዝም ብላችሁ ከጣላችሁት አየር ይዘጋል። ፍጹም ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ ነገር ካያችሁ አረፋ ነው። በየዓመቱ "ህዋስ" ተብሎ ተሥሎ የሚመጣው እሱ ነው።

ማጉያውን ለማስላት የዓይን ሌንሱን ቁጥር በታችኛው ሌንስ ቁጥር አባዙ፦ 10 ሲባዛ በ40፣ 400 ጊዜ። ከትንሹ ሌንስ ጀምሩ። የምታዩት ጎን ለጎን የተደረደሩ ረዣዥም ሳጥኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አዮዲን ያጠቆረው ነጥብ ኒውክለሱ ነው። የአንዱ ሳጥን ርዝመት ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የእኛ ቀይ የደም ህዋስ ወርዱ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ስለሆነ ሠላሳ ያህሉ በአንድ የሽንኩርት ህዋስ ቁመት ላይ ይሰለፋሉ። ይህን ልኬት ያዙት፣ ወባ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ፈታኞች የሚወዷት ጥያቄ አለች፦ ሽንኩርት ተክል ሆኖ ሳለ ለምን አረንጓዴ ክሎሮፕላስት አላየንበትም? የምንበላው ክፍል ብርሃን የማያገኝ የምግብ ማከማቻ ስለሆነ ነው። ቅጠሉን ብታዩ ኖሮ ሞልቶ ታገኙት ነበር።

የህዋስ ክፍሎች ዝርዝር የትኛውም መጽሐፍ ላይ አለ። ለጅምር አራቱን ብቻ ያዙ፦ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጠው ሽፋን፣ ትእዛዙ የተቀመጠበት ኒውክለስ፣ ትእዛዙን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይረው ሚቶኮንድሪያ። ተክል ላይ ግድግዳ፣ ክሎሮፕላስትና ትልቅ የውሃ ከረጢት ጨምሩ። ባክቴሪያ ላይ ኒውክለሱንና ሚቶኮንድሪያውን ሰርዙ። ብዙ መምህራን ህዋስን ከፋብሪካ ጋር ያመሳስሉታል፤ እኔ አልወደውም። ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ህዋስ ግን አለቃ የለውም። ኒውክለሱም ቢሆን ሌላው ክፍል ካላነበበው ዝም ብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው።

ደረጃ 2፦ በሽፋኑ የሚያልፍና የማያልፍ

አሁን ወይን ጠጁን ሽፋን ላጡና በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጁ፤ አዮዲን አያስፈልገውም። ህዋሶቹ ግድግዳቸው ድረስ በቀለም ተሞልተው ይታያሉ። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ሁለት ጠብታ በመሸፈኛው አንድ ጠርዝ አስጠጉ፤ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ውሃውን ሳቡ። ዓይናችሁን ሳታነሱ ጠብቁ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ወይን ጠጁ ከማዕዘኖቹ መሸሽ ይጀምራል፤ ግድግዳው ባለበት ቆሞ ቀለሙ ብቻ መሐል ላይ ይጨማደዳል። ከዚያ በዚያው መንገድ ንጹህ ውሃ አስገቡ፤ ተመልሶ ይነፋል። ኦስሞሲስን በዚህ መልክ ያየ ተማሪ ትርጉሙን አይረሳም፦ ውሃ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት በሽፋኑ ያልፋል፣ ጨውና ስኳሩ ግን እንደ ልብ አያልፉም።

ማይክሮስኮፕ የሌለው ሁለት እኩል የድንች ቁራጭ ወስዶ አንዱን በንጹህ፣ ሌላውን በጨው ውሃ ይንከር፤ ማታ ነክሮ ጠዋት ይንካቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ ሌላው ይታጠፋል።

ቋንጣ ለምን ሳይበላሽ ይከርማል ለሚለው መልሱ እዚሁ ነው። ጨውና ፀሐይ ሥጋውን ውሃ ያሳጡታል፤ የሚያርፍበት ባክቴሪያም የራሱን ውሃ ይነጠቃል። ሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ 0.9 በመቶ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጹህ ውሃ ቢሰጥ ቀይ የደም ህዋሶች ውሃ ጠጥተው ይፈነዳሉ፣ እንደ ሽንኩርት የሚያግዳቸው ግድግዳ የላቸውምና። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚጠጣው ኦአርኤስ ደግሞ ስኳርና ጨው አንድ ላይ የሚይዘው በአንጀት ህዋስ ሽፋን ላይ ሁለቱን አብሮ የሚያስገባ ፕሮቲን ስላለ ነው፤ እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም።

ደረጃ 3፦ ጉልበት ከየት መጥቶ የት ይሄዳል

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ባዮሎጂ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ብቻ በደንብ የማጥናት ዕድል ቢሰጠኝ ይህን እመርጥ ነበር።

አራቱን ሃይላንድ በቁጥር ምልክት አድርጉ። በመጀመሪያው ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ አድርጉ። ሁለተኛው ያው ሆኖ ስኳር የለውም። ሦስተኛው ሁሉም አለው፣ ውሃው ግን በረዶ የቀዘቀዘ ነው። ለአራተኛው እርሾውን በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ አቆዩና ለብ ሲል ስኳሩን ጨምሩ። አፋቸው ላይ ፊኛ ግጠሙና አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

የመጀመሪያው ፊኛ ተነፍቶ ይቆማል። ሁለተኛው ምግብ ስላጣ ተልፈስፍሶ ይቀራል። ሦስተኛው ዘግይቶ ጥቂት ይነፋል፣ ብርድ ኤንዛይሞችን (የህዋሱን ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) ያዘገያልና። አራተኛው አይነፋም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ያም ሆኖ የእርሾን ኤንዛይሞች ቅርጽ ለማበላሸት ይተርፋል። ፕሮቲን ቅርጹን ካጣ ሥራውንም ያጣል። ብዙ ልጆች "ኤንዛይሙ ሞተ" ብለው ይጽፋሉ፤ ኤንዛይም ሕይወት የለውም፣ አይሞትም። የሞተው እርሾው ነው።

ፊኛውን የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር በሌለበት እርሾ አንዱን ግሉኮስ ወደ ሁለት አልኮልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰብረዋል። ጠላው ላይ የሚያሰክረው አልኮሉ ነው፤ እንጀራው ላይ ዓይን የሚያወጣው ደግሞ ጋዙ። የቡኮው መኮምጠጥ በአብዛኛው ከእርሾው ጋር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲድ ሥራ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩ። አየር በሌለበት ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ (ህዋስ ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲገኝ ግን ግሉኮሱ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይፈርስና 30 አካባቢ ኤቲፒ ይገኛል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። በግራው ዓምድ ይህን ጻፉ። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዳገቱን ሮጦ የወጣ ሰው እግሩ የሚዝለው ጡንቻው ኦክስጅኑ ከሚደርስለት በላይ ጉልበት ሲጠይቅ በአነስተኛው መንገድ መሥራት ስለሚጀምር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ጡንቻ አልኮል አያወጣም፣ ላክቴት ነው።

ግሉኮሱ ራሱስ ከየት መጣ? የባቄላ ችግኝ በቆርቆሮ አብቅሉ። አንድ ቀን ሙሉ ጨለማ ቤት አስቀምጡት፤ ከግሉኮስ ሠርቶ ያጠራቀመውን ስታርች ይጨርስ። ከዚያ የአንዱን ቅጠል ግማሽ በፎይል ጠቅልሉና ቀኑን ፀሐይ ላይ አውሉት። ከሰዓት ቅጠሉን ቁረጡ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ንከሩ። ቀጥሎ አልኮል ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት፣ ብርጭቆውን ደግሞ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ድስቱ ከእሳት የወረደ ይሁን፤ ክፍሉ ውስጥ ከሰል፣ ሻማ፣ የሚነድ ምድጃ እንዳይኖር። የአልኮል ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ታናናሾች ብቻቸውን አይሥሩት። አልኮሉ አረንጓዴ ሲሆን ቅጠሉ ይነጣል። በለብታ ውሃ አለቅልቁና አዮዲን አንጠባጥቡ። ፀሐይ ያገኘው ግማሽ ስታርች ስላለው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ፎይል የሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም ይዞ ይቀራል። ድንበሩ በመስመር የተሰመረ ያህል ጥርት ብሎ ይታያል።

ዛፍ ክብደቱን ከአፈር ያመጣል የሚለው እምነት በጣም የቆየ ነው። ቫን ሄልሞንት የሚባል የፍሌሚሽ ሰው አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፣ አፈሩ 60 ግራም ያህል ብቻ ቀነሰ። እሱ ሁሉም ከውሃው ነው አለ፤ ግማሹን አግኝቶታል። የባሕር ዛፍ ፍልጥ ደረቅ ክብደት አብዛኛው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጣ ካርቦንና ኦክስጅን የተሠራ ነው። ስናነደው ወደ መጣበት ይመለሳል።

አንድ ወጥመድ፦ "ተክል ቀን ምግብ ይሠራል፣ ሌሊት ይተነፍሳል" የሚለው ስህተት ነው። ረስፒሬሽን (ምግብን አፍርሶ ጉልበት ማውጣት) ሃያ አራት ሰዓት ነው። ቀን የማይታየው ፎቶሲንተሲሱ (በብርሃን ምግብ መሥራቱ) ስለሚበልጠው ነው።

ደረጃ 4፦ ትእዛዙ የት ተጽፏል

ግማሽ ሙዝ በሹካ ጨፍልቁ። በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙናና ሩብ ማንኪያ ጨው ቀላቅላችሁ ጨምሩበት፤ አረፋ እንዳያበዛ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ሳሙናው የህዋሱንና የኒውክለሱን ሽፋን ያፈርሳል፣ ሽፋኑ ከቅባት የተሠራ ነውና። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ በሻይ ማጥለያ አጥሉ። ቀድሞ ማቀዝቀዣ የገባውን አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እያስታከካችሁ ቀስ ብላችሁ አንቆርቁሩ፤ ከላይ ይንሳፈፍ። በሁለቱ ድንበር ላይ ነጭ፣ ዝልግልግ ክር ይሰበሰባል፤ በእንጨት ጠቅልላችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ትእዛዙ የተጻፈበት ዲኤንኤ በአብዛኛው እሱ ውስጥ ነው።

ጽሑፉ አራት ፊደል ብቻ አለው፦ ኤ፣ ቲ፣ ሲ፣ ጂ። ሦስት ሦስት ሆነው ይነበባሉ፤ ስለዚህ አራት በአራት በአራት 64 ቃል ይገኛል፣ የሚያዝዙት ግን 20 አሚኖ አሲዶችን ነው። የተረፉት ድግግሞሽና የማቆሚያ ምልክት ናቸው። አሚኖ አሲዶቹ ሲሰለፉ ፕሮቲን ይሆናሉ፤ ከደረጃ 3 ኤንዛይሞች ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ዲኤንኤው የተጠቀለለበት የክሮሞዞም ብዛት የክብር መለኪያ አይደለም፦ ሰው 46፣ ጤፍ 40፣ ሽንኩርት 16 አለው።

ለውርስ ሜንዴልን በቁጥሩ አጥኑት። ክብና የተጨማደደ ፍሬ ያላቸውን አተሮች አዳቅሎ በመጀመሪያው ትውልድ ክብ ብቻ አገኘ፤ እነዚያ እርስ በርስ ሲራቡ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ሆነ። አካፍሉት፤ 2.96 ለ1 ይወጣል። ለምን ወደ 3 ለ1 ተጠጋ? ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ያዙና አብራችሁ መቶ ጊዜ ወርውሩ። አንበሳው የበላዩ ጂን (ክብ)፣ ሚዛኑ ተሸናፊው (የተጨማደደ) ይሁን። ሁለቱም ሚዛን ሆኖ የሚመጣው ወደ ሃያ አምስቱ ገደማ ነው፤ በተቀረው ቢያንስ አንድ አንበሳ አለ። በትክክል 25 ካልሆነ አትደንግጡ፣ የሜንዴልም በትክክል 3 አልሆነም።

ደረጃ 5፦ ከህዋስ ወደ አካል

እዚህ ብዙ አንቆይም። ተመሳሳይ ህዋሶች ሕብረ ህዋስ፣ ሕብረ ህዋሶች አካል፣ አካሎች ሥርዓት ይሆናሉ። ቁልፉ ነገር፣ የጉበታችሁና የቆዳችሁ ህዋስ የሚይዙት ጽሑፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቱ ገጽ እንደሚነበብ ነው።

ለምሳሌ የሚሆን የራሳችን ሰው አለ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ይሳሳል፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ይህን የሚቋቋሙት ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) አብዝተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተመርምረው ሄሞግሎቢናቸውም፣ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅንም ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። አንድ ችግር፣ ሁለት መፍትሔ።

ደረጃ 6፦ ከአንድ ፍጡር ወደ ዝርያ

የተፈጥሮ ምርጫን በአራት መስመር ጻፉ፦ በአንድ ዝርያ ውስጥ ልዩነት አለ፤ ልዩነቱ ይወረሳል፤ ከሚተርፈው የሚወለደው ይበልጣል፤ የሚተርፉት ደግሞ እንደ ዕጣ የሚወጡ አይደሉም። "ፍጡሩ ስለፈለገ ተለወጠ" ብሎ የጻፈ ዜሮ ያገኛል፣ ይገባዋልም።

በሕይወት ዘመናችን የታየ ምሳሌ የወባ መድኃኒት ነው። ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1998 ትታ ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም የዞረችው ጥገኛው ለቀደሙት ስለተቋቋመ ነው። መድኃኒቱ መቋቋምን አልፈጠረም፤ ቀድሞ በአጋጣሚ የሚቋቋሙትን ጥቂቶች ለይቶ አስቀራቸው፣ እነሱም ተባዙ።

ረጅም ጊዜ የፈጀውን ማየት የሚፈልግ ወደ ጎርጎራ ይውረድ። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ አሣ ወገን የሆኑ ትላልቅ ዝርያዎች አሉ፤ ከአንድ ዘር እዚያው እንደተለያዩ ይታመናል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ስለለያቸው በሐይቁ ብቻቸውን ቀሩ። አሣ አጥማጁ ጋ ሁለት ሦስት ዓይነት ስታገኙ አፋቸውን አወዳድሩ፤ የአንዱ አፍ ወደ ታች ዞሮ ከጭቃ ይለቅማል፣ የሌላው ሰፍቶ ወደ ፊት ተከፍቶ ሌላ ዓሣ ይውጣል። አፍ አይታችሁ ምግቡን ገምቱ፣ ከዚያ ሲያርዱት ሆዱን እዩ።

ደረጃ 7፦ ሥርዓተ ምህዳር፤ ከቤተ ክርስቲያን ጊቢ እስከ መገጭ

በሲባጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ሥሩ። አሮጌ ጥድና ወይራ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ጊቢ ምረጡ፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ቅዳሴ ሰዓት አትሂዱ። አምስት ካሬ ከጊቢው ውስጥ፣ አምስት ከአጥሩ ውጭ ከተጋጠ መሬት ላይ ዘርጉ። በእያንዳንዱ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ፣ የደረቀው ቅጠል ንጣፍ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ የአፈሩ ሙቀት ስንት እንደሆነ መዝግቡ። የተክሉን ስም ካላወቃችሁ "ሀ፣ ለ፣ ሐ" በሉት፤ ለቆጠራ ስም አያስፈልግም። ንጣፉን ስትገልጡ ከሥር ነጭ የሻጋታ ክርና ምስጥ ታገኛላችሁ። ቁስ ተመልሶ የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው፤ ውጭ ያለው መሬት ይህን አጥቷል።

ፋሲለደስ መዋኛ ግንቡን በሥራቸው የያዙትን ትላልቅ የሾላ ወገን ዛፎች ሁሉም ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ፍሬያቸውን የሚከፍት ግን አላየሁም። የዋርካም ሆነ የሾላ የበሰለ ፍሬ መሬት ላይ ስታገኙ ለሁለት ግመሱት። ውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፣ በመካከላቸው ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ ትወጣለች። ዛፉን የምታዳቅለው እሷ ነች፤ እንቁላሏን የምትጥልበት ቤት ደግሞ ፍሬው ነው። አብዛኛው የሾላ ዝርያ የራሱ የተርብ ዝርያ አለው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አይራባም።

አሁን ወደ ደባርቅ እንሂድ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ስሜን ውስጥ 3,600 ሜትር ላይ ያለው ጨነቅ ከጎንደር በ9 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከጥድና ከኮሶ ተነስታችሁ አስታ፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ ውስጥ ትገባላችሁ። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል።

የጭላዳው ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ሳር ከፀሐይ የያዘውን ጉልበት ከፊሉን ራሱ በረስፒሬሽን ያቃጥለዋል፤ ወደ በላተኛው የሚያልፈው በግምት ከአሥር አንዱ ነው። ሳር 10,000 ቢይዝ፣ ሳር በሉ 1,000፣ ሥጋ በሉ 100። የቀረው በሙቀት መልክ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሚቶኮንድሪያ እያቃጠለ ነውና። ሳር ደግሞ ለመፈጨት የሚያስቸግር ስስ ምግብ ስለሆነ ጭላዳ ቀኑን ሙሉ መንጨት አለበት። ጭላዳ በመቶዎች መንጋ ሆኖ ሲታይ፣ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ በመላ ኢትዮጵያ 500 ገደማ ብቻ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ሌላው የደጋው መሬት መታረስና ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ዋልያ ከስሜን ውጭ የትም የለም። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ።

ጉልበት ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዶ ያልቃል፤ ቁስ ግን ይዞራል። ቁስ ሲዞር ማየት የሚፈልግ ስሜን ድረስ መሄድ የለበትም፣ ቀሃ ድልድይ ላይ ይቁም። ቀሃና አንገረብ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና ይገባል። ከተማው የሚለቀው የሳሙና እጣቢና የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ከደምቢያ ማሳ የሚታጠበው ዩሪያ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም የሚበላው ይህንን ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እዚያ የሚበሉት ነፍሳት አብረውት አልመጡም። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕጥፍ ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር ይዛችሁ በየሁለት ሳምንቱ አጥፉት፤ ከ26 ሳምንት በኋላ 8,192 ካሬ ሜትር ነው። በእጅ መንቀሉ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ሒሳብ አስሉ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይም አስገቡበት።

ደረጃ 8፦ ሁሉንም በአንድ በሽታ መፈተን

ደብተራችሁን ዝጉና ወባን ከታች ወደ ላይ ጻፉ።

ህዋስ ላይ፦ ጥገኛው ራሱ አንድ ህዋስ ነው፤ 8 ማይክሮሜትር በማትሞላው ቀይ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉት የወባ ዓይነቶች በየ48 ሰዓቱ ተባዝተው ህዋሱን አፈንድተው ይወጣሉ፤ ትኩሳቱ ቀን እየዘለለ የሚነሳው በዚህ ነው። አካል ላይ፦ ከደም በፊት ጉበት ይገባል፤ ቫይቫክስ እዚያ ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚነሳ ነው "ድሮ ይዞኝ ነበር" ያለው ሰው ሳይነደፍ እንደገና የሚታመመው። ዝርያ ላይ፦ ክሎሮኪንን አስታውሱ። ሥርዓተ ምህዳር ላይ፦ ሴቷ የወባ ትንኝ ክረምት ሲወጣ በሚቀር ኩሬ ትፈለፈላለች፤ ትንኟ ውስጥ ያለው ጥገኛ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ማደጉን ያቆማል። ከፍታ የሚጠብቀን በዚህ ነው፤ ግን ወሰኑ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ወባ ገብቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ በፊት በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ በ1954 ጎንደር የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የመጣው።

ከየመስመሩ ፊት ሁለቱን ጥያቄዎች አስቀምጡ፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፤ ትእዛዙ ከየት መጣ። ባዶ የቀረባችሁ ቦታ ካለ ወደዚያ ደረጃ ተመለሱ እንጂ አዲስ መጽሐፍ አትግዙ።

ከዚህ በኋላ ያለ እኔ እርዳታ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ሥሩ። ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ የደጋ ልጅ ነው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመለሰው። ጥገኛው የሚቀመጠው ቀይ ህዋስ ውስጥ አይደለም፣ ጀርም ሊበሉ የተፈጠሩት ነጭ ህዋሶች ውስጥ ነው፤ ጣፊያ ለምን እንደሚያብጥ ከዚያ ድረሱበት። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ኩሬ አትፈልግም። በበጋ የሚሰነጠቀውን ጥቁር አፈርና ግራሩን ይዛችሁ ጀምሩ።